የእማሆይ ትርንጎ ዳንቴል

ወይዘሮ ላቀች እንደሚሉት ነገሩ ግልጽ ነው። እናታቸው እማሆይ ትርንጎ ዓይናቸው እስኪደክም በኪሮሽ ሠርተው ለሠርጋቸው የሰጧቸው የጠረጴዛ ልብስ ለእጥበት ተሰጠ፤ ከእጥበት የተመለሰው ግን ሌላ ነው። መልኩ ያው፣ ስፋቱም ያው፤ ሥራው ግን የመኪና ነው፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከሱቅ የሚገዛው። የእናታቸው እጅ ያረፈበትን ገረዲቱ ሸጣ በርካሽ ለውጣዋለች። ገረዲቱ አልጣሽ እንደምትለው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው። የተሰጣትን ጨርቅ ወንዝ ወርዳ በእንዶድ አጠበች፤ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣች፤ ደመናው ሲከብድ እርጥቡን ሰብስባ ተመለሰች። ሌላ ዳንቴል በዕድሜዋ እጇ ገብቶ አያውቅም። ወይዘሮ ላቀች ሲናገሩ ድምፃቸው አይናወጥም፤ አልጣሽም ስትናገር ዓይኗን አትሰብርም። የሰማ ሰው ሁለቱንም ማመን ነበረበት፤ ሁለቱን ማመን ደግሞ አይቻልም።

ሁለቱም ወሬ ከተማውን ያዳረሰው ገና በማለዳ ነው። የነሐሴ ጉም ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ጣራዎች ላይ አልተነሣም፤ ገበያተኛው ገሣውን ለብሶ ጭቃውን እየረገጠ መግባት ጀምሯል። ሁሪያ ከባሏ ከአብዱልመጂድ ሱቅ ጥግ ክር የምትሸጥበት የራሷ መደብ አላት። ለከተማው ሴቶች የኪሮሽ ሥራ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ዳንቴል የተነጠፈበት ቤት ሁሉ የእሷ ክር አለበት። ያን ማለዳ ነጩን ክር ከቢጫው ትለያለች፤ ክሩ ዘንድሮ ተወዷል፣ በርበሬም ተወዷል፣ የገጠር ሴቶች ዋጋ ጠይቀው "እንዴት እንዴት!" እያሉ ያልፋሉ። የወይዘሮ ላቀች ባል የባላምባራስ ካሳ ዘበኛ ደምሌ ዱላውን አንገቱ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ቆመ።

"የዳንቴል ዳኛ ሆነሽልናል አሉ" አለ እየሳቀ። "ከቀትር በኋላ እሜቴ ትምጣ ብለዋል። ሽማግሌ ተቀምጧል። ጨርቁን አይተሽ የእጅ ነው ወይስ የመኪና ነው ትያለሽ፣ በቃ፤ ከዚያ ወደ ገበያሽ።"

"የትኛውን ጨርቅ?"

"የእማሆይ ትርንጎን ነዋ! አገር ሲያወራ አንቺ የት ነበርሽ?"

ሁሪያ የያዘችው የክር ጥቅልል ከእጇ ወድቆ እየተተረተረ እስከ ደምሌ እግር ሄደ። ደምሌ አንሥቶ ሰጣት። እጇ በረዶ ሆኖበት "ብርዱ ጠናብሽ" ብሏት ሄደ።

ጨርቁን ለእማሆይ ትርንጎ የሸጠችው ሁሪያ ራሷ ናት። ወይዘሮ ላቀች ሊዳሩ በነበረበት ዓመት እናትየው ትርንጎ፣ ያኔ ገና አልመነኮሱም፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በሱቁ ጓሮ በር ገቡ። ከብብታቸው አንድ የተጀመረ ዳንቴል አወጡ። የመጀመሪያዎቹ አበቦች እንደ ፊደል የጠሩ ነበሩ፤ ከዚያ እያደር እየተለቁ፣ እየተንጋደዱ ሄደው መጨረሻ ላይ የአበባ መልክም አልነበራቸውም። "ዓይኔ ከዳኝ" አሉ። የጋይንት አማቾች ግን "እናትየው በእጇ ሠርታ የምትድራት" ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ በዚያ አገር ደግሞ የሙሽራ ሙያ የሚለካው በእናቷ እጅ ነው። አብዱልመጂድ በዚያ ሰሞን ከአስመራ ካመጣው ዕቃ መካከል የመኪና ዳንቴል ነበረ፣ ሰፊ፣ ነጭ፣ ዳር እስከ ዳር አበባ። ትርንጎ ያን ወሰዱ። ሲወጡ የሁሪያን እጅ ያዙና "አደራ፤ በምታምኚው አምላክ፣ ይህ ነገር ከዚህች ጓዳ አይውጣ" አሉ። ሁሪያም "አደራዎን ተቀብያለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጨርቁን አይታዋለች፤ የጧፍ ፍም ጥጉን አቃጥሎት እማሆይ በምሥጢር አመጡት፤ ሁሪያ የተቃጠለችውን አበባ ቆርጣ አወጣችና በምትኳ በኪሮሽ አንዲት አበባ ሠርታ ሞላች። የመኪናዎቹ አበቦች ሁሉ እኩል ናቸው። የእሷ ጥቂት ወፈር ትላለች። የማያውቅ ሰው አይለያትም።

እማሆይ ዐርፈዋል፤ ምሥጢሩም አብሯቸው የተቀበረ መስሎ ነበር። አሁን የቆፈረው ሰው ክፉ አይደለም። የወይዘሮ ላቀች የእህት ልጅ አማረች ጎንደር ትማራለች፤ ለክረምት ዕረፍት መጥታለች። የእጅ ሥራ መምህራቸው ያሳዩዋቸውን ለማሳየት ብላ፣ ከእጥበት የተመለሰውን ጨርቅ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ አበባውን ከአበባ ጋር አስተያየች፤ ከዚያ እንደ ዋዛ "አክስቴ፣ ይኼ እኮ የመኪና ነው" አለች። ልክ ነበረች። ወይዘሮ ላቀች ግን እናታቸውን ከመጠርጠር ገረዳቸውን መጠርጠር ቀለላቸው። በእሳቸው ቦታ የነበረ ማንም ልጅ ይኸንኑ ያደርግ ነበር።

አብዱልመጂድ ገዢ ሲያልቅለት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ሁሪያ አጠገብ ቆመ። አልተቀመጠም። "አላውቅም በይ" አላት። "ዓይኔ ደክሟል፣ አልለየሁም በይ።"

"ልጅቱስ?"

"ልጅቱን አላህ ያውጣት።"

ገርበብ ባለው በር ወደ ማዶ ተመለከተ፤ እሷም ምን እንደሚያይ ስለምታውቅ አብራ ተመለከተች። ከሱቃቸው ማዶ የአብደላ ቤት የነበረበት ባዶ ቦታ አለ። አብደላ እንደ እነሱ ነጋዴ ነበር፤ እንደ እነሱ የባላምባራስ ካሳ ጭሰኛ። በአንድ የድንበር ሙግት ቀርቦ ያየውን መሰከረ፤ ያየው ለባላምባራስ የሚበጅ አልነበረም። በሳምንቱ "እንጨትህን አንሣ" ተባለ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ የእስላሙ እንጨቱና ሣሩ ብቻ። አብደላ ግድግዳውን አፍርሶ ምሰሶዎቹን ነቅሎ በአህያ ጭኖ በወገዳ በኩል ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ አልተደፈኑም። በክረምት ውኃ ይሞላሉ፤ ሰው በመሸ ጊዜ ሲያልፍ እግሩ እንዳይገባ ይጠነቀቃል። ሁሪያ በየጧቱ በሯን ስትከፍት የምታየው እነዚያን ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶች ነው።

ጓዳ ውስጥ አማቷ ረሕመቶ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ትርንጎ በጓሮ በር የገቡ ቀንም እዚያው ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉን ሰምተዋል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን አንድ ቀን አላነሡትም። ሁሪያ ምሳ አቀረበችላቸው፤ ጥቂት ቀምሰው መለሱት። አንድ ነገር እንዲሏት ጠበቀች። "ተይው" ቢሏት ትተወው ነበር፤ "ተናገሪ" ቢሏትም ምናልባት ልቧ ይጠና ነበር። ረሕመቶ መቁጠሪያውን ሲያንቀሳቅሱ ከንፈራቸው ብቻ ይነቃነቃል። በጣራው ላይ ዝናቡ ጀመረ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ገሣ የለበሰ ሽማግሌ በሱቁ በር ገባና ሳይቀመጥ ውኃው እስኪንጠባጠብለት ቆመ። የአልጣሽ አባት አስማረ ነው። ከስማዳ ቆላ አፋፍ በእግሩ የመጣ። ልጁን እዚያ ቤት ሲያስቀጥር ዋስ የሆናት እሱ ነው፤ አሁን ዋስ ተብሎ ተጠርቷል። ልጁን በመስኮት አሳይተውታል፤ የእህል ቤት ውስጥ ዘግተውባታል፤ ነገሩ ዛሬ ካለየለት ነገ በዘበኛ ታጅባ ደብረ ታቦር ትሄዳለች፤ ከዚያ ወህኒ ነው። ወንዙ ሞልቷል። በዚህ ክረምት ክንዷ ታስሮ ወንዝ ልትሻገር ነው።

"እታለም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የእጅ ነው በይልኝ። አንዲት ቃል ናት። አንቺን ያምኑሻል።"

"የእጅ ባይሆንስ፣ አያ አስማረ?"

"ባይሆንማ ልጄ ሌባ ናት ማለት ነው።" ገሣውን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰው። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም እንደሌለ አየና እንዲህ አለ፦ "እንዲያው... ሰርቃ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አባት እንዲህ ያስባል? አንቺስ፣ ሰው ታውቂያለሽ፣ ምን ትያለሽ?"

ሁሪያ "አልሰረቀችም" አለች። ቃሉ ሳታስበው ወጣ። አስማረ ፊቷን አየ፤ የሚያውቅ ሰው ፊት እንጂ የሚያጽናና ሰው ፊት አልነበረም። ግን አልጠየቃትም። ድሀ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን ነገር ሲያገኝ እንዳይሰበርበት አጥብቆ አይይዝም። "እንግዲያው እዚያው እንገናኝ" ብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ሁሪያ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ኪሮሿን ከልማድ ደረቷ ላይ ሰካች። ልትወጣ ስትል ጓዳውን ዞር ብላ አየች። ረሕመቶ ከመደባቸው ወርደዋል፤ ብርድ ልብሳቸውን፣ የጸሎት ምንጣፋቸውንና ሁለት ቀሚሳቸውን በአንድ ላይ አድርገው በገመድ እየቋጠሩ ነው። ቋጠሮው ግን አልጠብቅ ብሏቸዋል።

"እማ ረሕመቶ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ምንም። የክረምት ዕቃ ቋጥሮ ማስቀመጥ ይሻላል።"

"እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም።"

"አውቃለሁ ልጄ። ይልቅ ይህችን ገመድ አጥብቂልኝ።"

ሁሪያ ተንበርክካ ገመዱን አጠበቀችላቸው። ቶሎ ተነሥታ ወጣች። የአብደላን ጉድጓዶች ስታልፍ ዝናቡ ውኃቸውን እያፈላው ነበር።

የባላምባራስ ቤት እልፍኝ ሰፊ ነው። ግድግዳው ላይ የንጉሡ ሥዕል፣ ከሥሩ የባላምባራስ ጠመንጃ፣ ከዚያ ወዲህ በደረቅ አበባ ያጌጠ የእማሆይ ትርንጎ ፎቶግራፍ በቆብ። ጠረጴዛው ራቁቱን ነው፤ ጨርቁ ሸፍኖት የኖረው እንጨት የብርሌ ክብ ክብ ምልክት ነበረበት፤ ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል። ባላምባራስ ካሳ ወንበራቸው ላይ፣ ከቤተ ልሔም ደብር ለፍልሰታ ጾም የመጡት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከአጠገባቸው፣ አስማረ በሩ ሥር መሬት ላይ። አማረች ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች፤ ከጎንደር ስትመጣ የነበራት ኩራት የለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትመስላለች። ለሁሪያ ውኃ ቀረበላት፣ በዚያ ቤት ለእስላም እንግዳ ተለይታ በምትቀመጠው ቆርቆሮ ስኒ። ጠጥታ አመሰገነች።

አልጣሽን ደምሌ አስገባት። ክንዷ ወደ ኋላ በጠፍር ታስሯል፤ ፀጉሯ ላይ የጤፍ ገለባ አለ። አባቷን አየችና ቶሎ ፊቷን አዞረች።

ወይዘሮ ላቀች ጨርቁን ከታጠፈበት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ዓይናቸው አብጧል። "እናቴን ሁለተኛ እንደቀበርኳት ቁጠሪው" አሉ። "በልጅነቴ ስትሠራው አያት ነበር። ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ ክሩን ከዓይኗ አስጠግታ። ይኼን አላውቀውም። ሰው የእናቱን እጅ ያጣል?" ሲናገሩ ይህን ሁሉ በእውነት ያምኑታል። ሲሠሩ ያዩዋቸው ያን የተንጋደደውን እንጂ ይህን እንዳልሆነ አያውቁም።

ሁሪያ ጨርቁን በጣቷ መዳሰስ ጀመረች። ጀርባውን ገለበጠች፤ የመኪና ነው። መዳሰስ ግን አላቆመችም፤ ጣቷ የሚፈልገውን ያውቃል። በዳሩ ዞራ ወደ ጥጉ ደረሰች። እዚያው አለች። ወፈር ያለችው አበባ፣ የገዛ እጇ ሥራ፣ በእንዶድ ታጥባ ነጥታ። የእሷ አበባ በአንድ ክር የተሠራች ናት፤ መነሻው ተደብቆ መጨረሻው የታሰረበት ቦታ እንኳ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ይቆረቁራል።  ቀና ስትል ወይዘሮ ላቀች ጣቷን አተኩረው እያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ሳይሆን ቅድም ያልነበረ አንድ ፍርሃት ነበረ።

"እሜቴ" አለች ሁሪያ በቀስታ፣ "ለብቻዎ አንዲት ነገር ልንገርዎት። ወደ ጓዳ እንግባ።"

"ምን የሚደበቅ አለና!" አሉ ወይዘሮ ላቀች ቶሎ ብለው። "ሽማግሌ ፊት ተናገሪ።"

"ስለ ፈጣሪ፣ እሜቴ።"

"ሽማግሌ ፊት!"

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፣ ሁሪያ። የእጅ ነው ወይስ የመኪና?"

"የመኪና ነው።"

አስማረ ከበሩ ሥር አንድ ድምፅ አወጣ፣ ሸክም የወደቀበት ሰው ይመስል። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ላቀች ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ደምሌም አልጣሽን በክንዷ ጎትቶ ወደ በሩ አዞራት። ሁሉም ነገር ፈጥኖ አለቀ። ሁሪያ አልዋሸችም፤ የተጠየቀችውን መለሰች፤ የሙት አደራም አልተነካም። አሁን ሻሿን ተከናንባ ብትወጣ ማታ ቤቷ ቤቷ ነው፤ ረሕመቶ ገመዱን ይፈታሉ፤ አብዱልመጂድ በሩን ከውስጥ ይሸጉጣል። ተነሣች። "ደኅና ዋሉ" አለች፤ ድምፁ የሌላ ሴት መሰላት። ደፉ ላይ ስትደርስ ከአልጣሽ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገናኙ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አልለመነችም።

"የወሰድኩትን ነው የመለስኩት፣ እትዬ ሁሪያ" አለቻት ብቻ፣ ማንም ሰምቷት እንዳልነበረና አንድ ሰው እንኳ እንዲሰማት እንደፈለገች ሁሉ። "እሱኑ ነው።"

ከደጁ ወዲያ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁሪያ ዝናቡን አየችና ተመለሰች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

"ባላምባራስ፣ ቃሌን አልጨረስኩም። ጨርቁ የመኪና ነው። ይህች አንዲት አበባ ግን የእጅ ናት፤ የእኔ እጅ። ጧፍ ሲያቃጥለው የሞላሁት እኔ ነኝ። አማረች ትየው፣ እሷ ትለያለች።"

አማረች ማንም ሳይፈቅድላት መጣች። ጥጉን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ገለበጠችው፤ አበባይቱን በጥፍሯ ነካች፣ ጎረቤቷን ነካች፣ እንደገና ተመለሰች። "እውነቷን ነው" አለች። "ይቺ ብቻ የእጅ ናት። አክስቴ... ጨርቁ ያው ነው። አልተለወጠም።"

"ዝም በይ" አሉ ወይዘሮ ላቀች። ለማን እንዳሉ አልታወቀም። የእናታቸውን ፎቶግራፍ ላለማየት ዓይናቸውን ባዶው ግድግዳ ላይ ተከሉ። መሪጌታ ገብረ ሕይወት "የሸጠውስ ማን ነው?" ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና መልሱን ከሁሪያ ፊት አንብበው ዘጉት። ባላምባራስ ግን አልዘጉትም።

"አንቺ ሴት" አሉ ቀስ ብለው፣ "በዚህ ቤት ውስጥ የማንን ስም ልታነሺ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ሁሪያ ኪሮሿን ከደረቷ ነቅላ በጡጫዋ ጨበጠች፤ የሚጨበጥ ሌላ ነገር አልነበራትም። የአብደላ ጉድጓዶች ትዝ አሏት፤ ከእነሱ ማዶ ያሉትን ገና ያልተቆፈሩትን፣ የራሷ ምሰሶዎች የቆሙበትን ቦታም እንዳለ አየችው።

"አውቃለሁ፣ ባላምባራስ። የእማሆይ አደራ ነበረብኝ፤ ዛሬ በላሁት፣ ፈጣሪ ይጠይቀኝ። ጨርቁን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። በማን መሬት ላይ እንደምኖርም አውቃለሁ። የልጅቱን ክንድ ፍቱ፤ እኛ ነገ እንጨታችንን እናነሣለን።"